የገሳይዋ ዘመድ

በደብረ ታቦር ብቻውን የሚታመም ሰው የለም። ጉንፋን እንኳ የያዘው ሰው ወደ ክሊኒክ ሲሄድ ከጎኑ አንድ ሰው ይኖራል፤ ነጠላ የሚይዝለት፣ ካርድ የሚያወጣለት፣ ተራ የሚጠብቅለት። አስታማሚ ይባላል። ከአስታማሚም አስታማሚ አለ። አንዱ ዳር ቆሞ ከንፈሩን እየመጠጠ ያዝናል። ሌላው መድኃኒት ገዝቶ ይመለሳል። ሦስተኛው ግን ሐኪሙ ፊት ወንበር ስቦ ይቀመጥና በበሽተኛው ፋንታ ይታመማል። እንዲህ ያለው ሰው ከየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ ሁለት ከሆኑ ግን ሰፈሩ አይችላቸውም።

የዚህ ማዕረግ ቁንጮ ክብርት እትዬ አሰለፈች ናቸው።

ዶክተር ምስጋና ይህን ያወቀው ከአራት ዓመት በፊት፣ በመናኸሪያው አቅራቢያ ባለችው ባለ አንድ ፎቅ ክሊኒክ ሥራ በጀመረበት ሳምንት ነው። ገና አዲስ ስለነበረ በሽተኛን ራሱን መጠየቅ ይቻላል ብሎ ያምን ነበር። ከጉና ግርጌ ገብስና ድንች የሚያመርቱት አያ እሸቴ ሆዳቸውን ይዘው ገቡ፤ እትዬ አሰለፈች ተከትለው ገቡ።

"የት ላይ ነው የሚያምዎት?" አለ ዶክተሩ ሽማግሌውን።

"ጨጓራቸው ነው" አሉ እትዬ።

"መቼ ጀመረዎት?"

"ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ነው። በፊትም ይነካካቸው ነበር፤ ችለውት ነው እንጂ።"

"ያቃጥልዎታል?"

"ያቃጥላቸዋል እንዴታ። አረቄም ይቀምሳሉ፤ አይነግሩህም እንጂ።"

አያ እሸቴ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እትዬ ጉልበታቸውን መታ አደረጓቸው። "አርፈው ይቀመጡ እንጂ አያ፤ ታመዋል እኮ።" ሽማግሌውም መታመማቸው ትዝ ብሏቸው ዝም አሉ።

ከዚያ ወዲህ ዶክተር ምስጋና ያላየው የለም። መሰረት የምትባል ነፍሰ ጡር መጥታ "ልጁ ይንቀሳቀሳል?" ቢላት፣ "ትናንት ከቅዳሴ መልስ ሁለቴ፣ ራት ላይ ደግሞ አንዴ" ብለው የመለሱት እትዬ ናቸው፤ መሰረት ራሷ ወሬውን እንደ ሰው ወሬ ነበር የምታዳምጠው። መድኃኒት ሲጽፍ አንገታቸውን አስግገው ያነቡና "ይሄን እኮ ለወርቅነሽ ሰጥተሃት ሆዷን ነፍቷት ነበር፤ ሌላ የለህም?" ይላሉ። የሚያናድደው ደግሞ እውነታቸውን መሆኑ ነው። ካርዱን አገላብጦ ሲያይ ወርቅነሽ እውነትም ሆዷ ተነፍቶ ነበር።

አንድ ቀን ግን ዶክተሩ ቆረጠ። ዘመኑ የሚባል ጎማ ጠጋኝ፣ በሬ የሚያክል ጎረምሳ ይዘው ሲመጡ "እትዬ፣ ይቅርታ፣ ውጭ ይጠብቁን" አላቸው። ወጡ። ጎረምሳው ጣቶቹን እያፍተለተለ አሥር ደቂቃ ዝም አለ። በመጨረሻ "እትዬ ቢገቡ ይሻላል ዶክተር፤ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው" አለ። እትዬም ገቡ፤ ወንበሩን ከበፊቱ ትንሽ ጠጋ አድርገው ተቀመጡ።

የሚያፍር በሽተኛ ካጋጠማቸው "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ተናገር" ይሉታል። ተናገር ይሉትና እሳቸው ይናገሩለታል።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት አምስት ሳንቲም ሳይቀበሉ ነው። ደመወዛቸው ሌላ ነው። በእኛ አገር በሽተኛ ብቻውን አይበላም። አጥሚት ቢቀርብለት "አስቀድመው እርስዎ" ይላል፤ እንቁላል ቢጠበስለት "አብረን ካልሆነ አልነካውም" ይላል። እትዬም በሽተኛው ይበላ ዘንድ ይበላሉ። እሱ አንድ ሲጎርስ እሳቸው ሦስት ይጎርሳሉ፤ ማበረታቻ ነው። በሽተኛው ሲድን ደግሞ የምስጋና ግብዣ አለ፤ ካልዳነ ሰልስቱም ተዝካሩም አለ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲያስታምሙ የከተማው በሽታ ሁሉ በእሳቸው ወገብ በኩል አለፈ። ሰውም "እሰይ፣ አማረብዎት፣ ወዝዎ ጨመረ" እያለ ያደንቃቸው ነበር።

በዐቢይ ጾም አምስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ነርሷ ማሬ የዶክተሩን በር ሳታንኳኳ ከፈተች።

"እትዬ አሰለፈች መጥተዋል።"

"ማንን ይዘው?"

"ማንንም። ብቻቸውን ናቸው።"

ዶክተር ምስጋና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ደረጃውን ሲወጡ ተሰማው፤ ሁለት ደረጃ ወጥተው ይቆማሉ፣ ደግሞ ሁለት ይወጣሉ። ሲገቡ ግንባራቸው ላቦ ነበር፤ የነጠላቸውን ጫፍ የያዘው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አንገታቸው ላይ ያለው ደም ስር እንዴት እንደሚዘል ከወንበሩ ሆኖ አየው፤ ደስ አላለውም።

ሰላምታው ረዘመ። ሐሙሲት ያሉት እናቱ እንዴት እንደሆኑ ጠየቁ፤ የወለደችው ላም ጥጃዋን ማጥባት አለማጥባቷን ጠየቁ፤ እሱ ራሱ መቼ እንደሚያገባ ጠየቁ። ከዚያ ጥያቄ አለቀባቸውና መስኮቱን ማየት ጀመሩ። በአራት ዓመት ውስጥ እትዬ አሰለፈች ቃል ሲቸግራቸው ያየው ያን ቀን ነው።

"አንዲት ዘመድ አለችኝ፣ ገሳይ የምትኖር" አሉ በመጨረሻ።

"እሺ።"

"ትንሽ ሥጋ በዛባት። እንዲያው የሚያከሳ መድኃኒት አለ ሲሉ ሰምታ፣ ዶክተርሽን ጠይቂልኝ አለችኝ። መምጣቱን አፍራ ነው።"

ዶክተሩ የዘመዲቱን ማንነት ለማወቅ ምርመራ አላስፈለገውም። ሆኖም እኚህን ሴት ያውቃቸዋል፤ "እርስዎ ነዎት" ቢላቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሥተው ይሄዳሉ፤ የሚያንቀጠቅጣቸውንም ነገር ይዘውት ይሄዳሉ። ስለዚህ አዲስ ካርድ አወጣና በላዩ ላይ "የገሳይ ዘመድ" ብሎ ጻፈ።

"ዕድሜዋ?"

"ያው የእኔ እኩያ ናት። በአንድ ወር ነው የተወለድነው።"

"ክብደቷስ?"

"እሱን እንዴት ብዬ እጠይቃታለሁ? ነውር አይደለም?"

"በቁመትም በውፍረትም እርስዎን ታክላለች?"

እትዬ ትንሽ አሰቡ። "አዎ። እንዲያውም ቁርጥ እኔን ናት።"

"እንግዲያው ለእሷ ሲሉ ሚዛኑ ላይ ይውጡልኝ፤ ግምት ይሆነናል።"

ጫማቸውን አወለቁ፤ ነጠላቸውን አጣጥፈው አልጋው ላይ አኖሩ። ለዘመድ ሲባል የማይወጣበት የለም ብለው ወጡ። መርፌዋ ዞራ ዘጠና ሰባት ላይ ቆመች። እትዬ ጎንበስ ብለው አዩዋትና ከንፈራቸውን መጠጡ። "ምስኪን" አሉ፤ "ይሄን ሁሉ ተሸክማ ነዋ ላይ ታች የምትለው።"

ዶክተሩ ሳቁን ዋጠ። የደም ግፊታቸውን ለዘመዳቸው ሲል ለካ፤ ሳቁ ጠፋ። መቶ ሰባ በመቶ አምስት። እንደገና ለካው፤ ያው ነው። ልባቸው በደቂቃ መቶ አሥራ ስምንት ይመታል፤ ያውም ሩብ ሰዓት ሙሉ ከተቀመጡ በኋላ።

"እትዬ፣ ዘመድዎ የምትወስደው ነገር አለ?"

ነጠላቸውን ከአልጋው ስበው መልበስ ጀመሩ። ለሌላ ሰው ቢሆን እትዬ ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሱት ነበር።

"ክኒን ነገር?"

"አንዲት ልጅ ሰጥታት ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "እመቤት ትባላለች፤ ከጅዳ የመጣች ናት። ክፋት የላትም ዶክተር፣ እሷም ስትውጠው ነበር፤ ወዳት ነው የሰጠቻት። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ነው ያለቻት። ጠዋት ግን ጾም ነው፤ ከቅዳሴ በፊት እንዴት አድርጋ ትዋጥ? ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱንም አንድ ላይ ትወስደዋለች።"

"ስንት ሳምንት ሆናት?"

"ጾሙ ከገባ ጀምሮ። እንዲያውም ሁለት ሲሆን ይፈጥናል ብላ ሰሞኑን ሦስት አድርጋዋለች።"

"የክኒኑ ስም ምንድን ነው?"

"ስምስ የለውም። ቀጭን ፈረንጅ ናት ዕቃው ላይ ያለችው።"

ዶክተር ምስጋና ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። "እንግዲያው እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ። ይህ ክኒን ልብን እንደ ጋሪ ፈረስ እየገረፈ ያስሮጣል፤ ግፊትን ያንራል። ከዛሬ ጀምሮ አንድ እንዳትውጥ። ብትውጥ አንድ ቀን ደረጃ ስትወጣ ልትወድቅ ትችላለች፤ ከወደቀች ደግሞ ላትነሣ ትችላለች።"

እትዬ እጃቸውን ጉያቸው ላይ አደረጉ፤ እዚያው ተዉት።

"ካቆመችው መልሳ አትወፍርም?"

"ምግቡን መጠን ብታደርግ…"

"አንተ ልጅ፣ የት አገር ነው ያደግኸው?" አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አዩት። "ሐሙሲት 'በሞቴ' ሲሉህ እምቢ ይባላል? ከሞት የተረፈ ሰው በገዛ እጁ ጠቅልሎ ሲያጎርስህ፣ አይ ተመጥኖልኛል ትለዋለህ? አንድ ቀን ተዝካር ላይ አሁንስ ጠገብኩ ያለች ሴት እስከ ዛሬ በኩራተኛነቷ ትነሣለች። እህል እምቢ ያልክ እንደሆን ሰው ይቀየምሃል። ክኒን ግን ማንንም አያስቀይምም። ውጠህ ዝም ነው።"

ዶክተሩ በትምህርት ቤት ስለ ውፍረት ብዙ ተምሯል፤ ይህን ግን ማንም አላስተማረውም። ሰዎች ክኒን የሚመርጡት ሰንፈው ይመስለው ነበር። እኚህ ሴት ክኒን የመረጡት ሰው ላለማስቀየም ነው።

"ዘመድዎ ለምንድን ነው መክሳት የፈለገችው?" አላቸው፤ ድምፁ ራሱ ለስልሶበት።

"ኅዳር ላይ የአያ እሸቴ ባለቤት ታማ፣ እሷ አምጪልኝ ተብላ ጉና ወጣች። መውጣቱን በበቅሎ ወጣች። ሲመለሱ እንግዲህ በቅሎዋ አንድ ናት፤ በሽተኛዋ ተቀመጠች፣ እሷ በእግሯ ተከተለች። ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቷ ከዳት፤ ትንፋሿም እምቢ አለ። በሽተኛዋ አየቻት። ወረደችና 'ነይ ውጪ፣ አንቺ ትብሻለሽ' አለቻት። ትኩሳት የያዛት ሴት በእግሯ፣ አስታማሚ በበቅሎ ከተማ ገቡ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።"

'በሕይወቴ' ማለታቸውን እትዬ ራሳቸውም ሰሙት። ዶክተሩ ካርዱ ላይ አጎንብሶ የሚጽፍ መሰለ። ምንም የሚጻፍ ነገር አልነበረውም።

"እኔ ካልቆምኩ ማን ይቆምላቸዋል?" አሉ እንባቸው ዓይናቸው ላይ ሞልቶ። "አያ እሸቴን ማን ያመጣቸዋል? ያ ዘመኑ ብቻውን መጥቶ ምን ይልሃል?" ከጉያቸው በመሀረብ የተጠቀለለ ዕቃ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ቀጭኗ ፈረንጅ ወገቧን በሜትር እየለካች ትስቃለች። "ገሳይ ዘመድ የለኝም፣ ልጄ። ገሳይን የማውቃት በመኪና ሳልፍ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ ዶክተር ምስጋና።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሚዛኑ ላይ ከመውጣትዎ በፊት።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"እርስዎ እስኪናገሩ ነዋ።"

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ተረት ለእትዬ አሰለፈች ተቆርጦ የተሰፋ ነበር። ዶክተሩ ያን ቀን የእሳቸውን ድስት ከእሳት ሲያወርድ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት፤ አልቆጨውም። ስለ መድኃኒቱ እውነቱን ነገራቸው። በሳምንት አንዴ የሚወጋ፣ የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ መርፌ በሌላ አገር እየተሰጠ መሆኑን፣ ብዙ ሰው እንደጠቀመ፣ ግን ለሁሉም ሰው እንደማይሆን፣ ሲያቆሙት ክብደቱ ሊመለስ እንደሚችል፣ ለጊዜው በዚህ ከተማ ፋርማሲ እንደማይገኝ፣ የተገኘ ቀን ደግሞ ከእመቤት ቦርሳ ሳይሆን በሐኪም ዓይን ሥር መጀመር እንዳለበት። ስለ እሱ መጠየቅ እንደ ግፊትና እንደ ስኳር ያለ ጥያቄ እንጂ ነውር እንዳልሆነም ነገራቸው። እስከዚያው የግፊት ክኒን ጻፈላቸው፤ ጠዋት ጠዋት የሚወሰድ። የስኳርና የልብ ምርመራም አዘዘላቸው።

"ጠዋት ነው ያልከው?"

"ጠዋት። ለንስሐ አባቴ አስረዳልኝ ካሉኝ እኔ ልደውልላቸው እችላለሁ።"

"ተወው" አሉ እትዬ። "እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።"

ዶክተሩ ይህችን ቃል ሰምቶ በልቡ ደስ አለው።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ፤ 'በሞቴ'። ለዚህ እትዬ ራሳቸው መፍትሔ አመጡ። በዚህ አገር ከ'በሞቴ' የሚበልጥ ነገር ቢኖር ማኅተም ነው። ዶክተሩም የክሊኒኩን ወረቀት ሳበና እሳቸው እያስጻፉት ጻፈ፦ "ለሚመለከተው ሁሉ። የዚህ ማስረጃ ባለቤት ወይዘሮ አሰለፈች በሕክምና ክትትል ላይ በመሆናቸው ከተመጠነላቸው በላይ እንዳይመገቡ ታዘዋል። በመሆኑም በግብዣ፣ በማኅበርና በተዝካር ላይ 'በሞቴ' ማለትም ሆነ ማጉረስ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን እናሳውቃለን።" እትዬ አነበቡት። "መጨረሻው ላይ 'ከታላቅ አክብሮት ጋር' በልበት፤ ሰው እንዳይቀየም" አሉ። አለበት፤ ማኅተሙንም ሁለት ቦታ መታበት።

የልብ ምርመራው ክፍል ምድር ቤት ነው። ዶክተሩ ብቻቸውን እንዲወርዱ አልፈለገም፤ ደግፎ አወረዳቸው። የልብ ምርመራ ባለሙያው ዋልልኝ ቀና ሳይል ቅጹን ሳበ።

"ስም?"

"አሰለፈች።"

"አስታማሚ ማነው?"

እትዬ ወደ ኋላቸው ዞር አሉ። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው አለ፤ ከመሀላቸው ግማሹን እሳቸው አንድ ቀን ደግፈው ያመጡት ነው። የእሳቸው የሚሉት ሰው ግን አልነበረም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ ሰው ጠይቋቸው አያውቅም፤ ሁልጊዜ መልሱ ራሳቸው ነበሩ።

"እኔ ነኝ" አለ ዶክተር ምስጋና።

ዋልልኝ ቀና አለና ዶክተሩን አየው። ስሙን ጻፈ። እትዬን አልጋው ላይ አስተኛቸው፤ ቀዝቃዛዎቹን መቆንጠጫዎች ደረታቸውና እጃቸው ላይ አደረገ። ወረቀቱ እየተንጫጫ ወጣ። ዶክተሩ ከማሽኑ ላይ ነጥቆ አየው፤ ደጋግሞ አየው። ምቱ ፈጥኗል፤ ሌላ የሚያስደነግጥ ነገር የለበትም። ክኒኑ ከሰውነታቸው ሲወጣ ይረጋጋል። እትዬ ከገቡ ጀምሮ ምን ያህል ፈርቶ እንደነበር ያወቀው ያኔ ነው። ይወዳቸዋል። አራት ዓመት ሙሉ ኮሪደሩ ላይ ድምፃቸውን ሲሰማ ራሱን የሚይዘው ሰውዬ ይወዳቸው ኖሯል።

"ምንድን ነው የሚሰማዎት?" አለ ዋልልኝ ቅጹን እየሞላ።

"ልባቸው በኃይል ይመታል" አለ ዶክተሩ። "እጃቸውም ይንቀጠቀጣል፤ ደረጃ ሲወጡ ደግሞ…"

እትዬ አሰለፈች ከተኙበት እጃቸውን አነሡ።

"አርፈህ ቁም፣ ልጄ" አሉት። "የታመምኩት እኔ ነኝ።"

ከዚያም ወደ ዋልልኝ ዞረው ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ጉናን፣ በቅሎዋን፣ የበሽተኛዋን ቃል፣ ክኒኑን፣ ማፈራቸውን። አንድም አላስቀሩም። ላይ ቤት አሥራ አንድ ሰው ዶክተሩን ይጠብቃል። ዶክተር ምስጋና ነጠላቸውን ይዞ ቆሞ አዳመጣቸው።